በምናብ በተሠራችው ከተማ ቆሻሻውን ማን ያነሳል?

ባለረቂቁ፦

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ልቦለድ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ታሪኩ የሚፈጸመው መሬቱም፣ ፋብሪካውም፣ መኖሪያ ቤቱም የጋራ በሆነባት፣ ማንም ሰው ለዕለት ጉርሱ ሲል ጉልበቱን ለሌላ በማይሸጥባት አንዲት የወደፊት ከተማ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች እንደ ውኃ ፈሰሱልኝ፤ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የጋራ መመገቢያ አዳራሹን፣ ልጆች ከአዋቂዎች ጎን ተቀምጠው ሙያ የሚቀስሙባቸውን ክፍሎች ስጽፍ ሌሊቱ ሲነጋብኝ እንኳ አይታወቀኝም ነበር። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ተገታሁ። በዚህ ምዕራፍ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከአዳራሹ ሥር የሚያልፈው ዋናው የፍሳሽ ቱቦ ይፈነዳል። ፍሳሹ በምድር ቤቱ ወለል ላይ እየተንጣለለ ወደ እህል መጋዘኑ ይጠጋል፤ አንድ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ወደ ጉድጓዱ መውረድ አለበት። ማንን እንደምቀሰቅስ አጣሁ።

ዛሬ በምንኖርበት ዓለም መልሱ አያስቸግርም። የሚወርደው ሌላ ሥራ ያላገኘው ሰው ነው፤ የሚቀሰቅሰውም ረሃብ ነው። እኔ ከከተማዬ ረሃብን ሳስወጣ ሰዎችን በሌሊት የሚቀሰቅሰውንም አብሬ ማስወጣቴን አላስተዋልኩም ነበር።

ከእኔ በፊት የጻፉት ምን ብለው ይሆን ብዬ የድሮዎቹን መጻሕፍት እንደገና ገለጥኩ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር በ1516 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው «ዩቶፒያ» ሰው በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ ሦስቱን ከቀትር በፊት፣ ሦስቱን ከቀትር በኋላ። ወርቅ የሰውን ልብ እንዳይሰልብ ሲሉም የሽንት ዕቃ ይሠሩበታል። ይህን ክፍል ከወጣትነቴ ጀምሮ እወደው ነበር። ዘንድሮ ግን የሽንት ዕቃውን ማን እንደሚደፋው ለማወቅ ብዬ ሳነበው፣ እዚያው አጠገብ ያው ወርቅ ለባሪያዎች እግር ብረት እንደሚውል አየሁ። በአዳራሾቹ ውስጥ አድካሚውንና የሚያቆሽሸውን ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ባሪያዎች ናቸው። ከብት የሚያርዱትም እነርሱ ናቸው፤ ዜጎች ማረድን ከለመዱ ርኅራኄ ይጠፋባቸዋል ተብሎ ይፈራልና። የባሪያዎቹ ርኅራኄ ቢጠፋ ግን የሚጨነቅ ያለ አይመስልም።

ቶማዞ ካምፓኔላ በ1602 ኔፕልስ ውስጥ ታስሮ ሳለ የጻፈው «የፀሐይ ከተማ» ከዚህ የተሻለ መስሎኝ ነበር። እዚያ ሥራው ለሁሉም ስለሚደለደል በቀን አራት ሰዓት ይበቃል፤ ቤት ውስጥ የሚያገለግል ባሪያም የለም፤ የትኛውም ሥራ አያዋርድም ይባላል። ሆኖም ገጾቹን ስገልጥ፣ በጦርነት የተማረኩ ሰዎች ከከተማዋ ቅጥር ውጭ ቦይ ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። ሁለቱም ጸሐፊዎች ከተማቸውን ንጹሕ አድርገው ያቆዩት ከቅጥሩ ውጭ ባስቀሩት ሰው እጅ ነው።

እኔ እንደዚያ ማድረግ አልፈልግም። ለባሪያ፣ ለምርኮኛ፣ ለረሃብተኛ ሳትሰጡት፣ ወደዚያ ጉድጓድ ማን ይውረድ ትላላችሁ?

የመጻሕፍት መደርደሪያ፦

ውድ ባለረቂቁ፣ በዚህ ዓይነት ሥነ ጽሑፍ ላይ ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የጸሐፊው እኩልነት የቃል ይሁን የእውነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከሞርና ከካምፓኔላ በኋላ የተሰጡ ሁለት መልሶችን ላቅርብ።

የመጀመሪያው በ1837 የሞተው ፈረንሳዊው ሻርል ፉርዬ የሰጠው ነው። ፉርዬ ልቦለድ ጸሐፊ ባይሆንም ምናቡ ከብዙ ልቦለድ ጸሐፊ ይበልጥ የሰፋ ነበር። ልጆች ጭቃና ቆሻሻ ይወዳሉ ብሎ በማመን፣ እርሱ ባቀደው ማኅበር ውስጥ «ትንንሽ ጭፍሮች» የተባሉ የልጆች ቡድኖች ገና ሳይነጋ ተነስተው በረት እንዲጠርጉ፣ ፍግ እንዲዝቁ፣ መንገድ እንዲጠግኑ አደረገ። በምላሹ ከማኅበሩ ሁሉ የላቀ ክብር ይሰጣቸዋል፤ ትልልቆቹ ሰዎች ቀድመው ሰላምታ ያቀርቡላቸዋል። ይህን ሸክም በልጆች ላይ መጫን ተገቢ ነው ብዬ አልቀበልም። ቢሆንም ፉርዬ አንድ ነገር በትክክል ገብቶታል፤ ያ ሥራ በገንዘብ ብቻ የማይካካስ የክብር ዕዳ እንዳለበት አይቷል።

ሁለተኛው መልስ የአሜሪካዊው ኤድዋርድ ቤላሚ ነው። በ1888 በወጣው «ወደ ኋላ ሲታይ» ጁልያን ዌስት የተባለ የቦስተን ባለጸጋ በ1887 ይተኛና በ2000 ይነቃል። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ዜጋ ከ21 ዓመቱ እስከ 45 ዓመቱ ይሠራል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ሁሉም ሰው፣ የማንም ልጅ ቢሆን፣ የተመደበበትን ተራ የጉልበት ሥራ በመሥራት ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ ሙያ መምረጥ ይቻላል፤ ጥበቡ ያለውም በዚህ አመራረጥ ላይ ነው። አንድ ሥራ ፈላጊ ካጣ የሥራው ሰዓት ይቀነሳል፤ ብዙ ሰው ከጎረፈበት ደግሞ ይረዝማል። በዚህ መሠረት የማዕድን ቆፋሪ የሥራ ቀን እጅግ አጭር ሲሆን ቀላል ሥራ ያለው ሰው ግን ረዘም ላለ ሰዓት ይሠራል። የሁሉም ድርሻ እኩል ነው፤ የሚለያየው ሰዓቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለረቂቁ ሆይ፣ ቤላሚ ቢሆን ኖሮ «ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው በሳምንት የሚሠራው ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሰልፉ ረጅም ነው» ይልዎት ነበር።

ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ግን የሰዓቱን ስሌት አይደለም። ዝናብ ሲጥል የእግረኛው መንገድ በሙሉ በአንድ ውኃ በማያስገባ መከለያ ይሸፈናል፤ ሰዎች እራት ለመብላት ልብሳቸው ሳይርስ ይሄዳሉ። በድሮው ዘመን ግን እያንዳንዱ ሰው ለራሱና ለቤተሰቡ ብቻ ጃንጥላ ይዞ ጠፈጠፉን በጎረቤቱ ላይ ያንጠባጥብ እንደነበር ይነጋገራሉ። ያን ገጽ ካነበብኩ በኋላ በዝናብ ቀን መንገድ ላይ የሰዎችን ጃንጥላ እንደ ቀድሞው ማየት አልቻልኩም።

ጥያቄ አያልቅም፦

ጃንጥላው ያማረ ነው፤ የተተወው ገጽ ግን መነበብ አለበት። በዚያው በቤላሚ መጽሐፍ መሥራት እየቻለ እንቢ ብሎ የጸና ሰው እሺ እስኪል ድረስ ብቻውን ታስሮ በዳቦና በውኃ ይቀመጣል። የሠራተኛው ድርጅት ራሱ «የኢንዱስትሪ ሠራዊት» ይባላል፤ ማዕረግም አለው፣ አዛዥም አለው። ስለዚህ ረሃብ ከዚያ ከተማ ተባረረ ማለት አልችልም፤ ከጎዳና ተነስቶ ወደ እስር ቤት ገባ እንጂ።

እንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት በተወሰነ አቅጣጫ ቢገፋ ምን እንደሚመጣ ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን በ1920ና በ1921 በጻፈው «እኛ» ውስጥ አሳይቶናል። እዚያ ሰዎች ስም የላቸውም፤ ቁጥር አላቸው። በአንድ ሰዓት ይነሳሉ፣ በአንድ ሰዓት ይሠራሉ፣ አንዱን ጉርሻ ሃምሳ ጊዜ ያኝካሉ። ዛምያቲን ይህን የጻፈው ከሩቅ ሆኖ አልነበረም፤ አብዮቱ በተካሄደበት አገር ውስጥ እየኖረ ነበር፤ መጽሐፉም ለረጅም ዘመን በገዛ አገሩ ሳይታተም ቆይቶ በመጀመሪያ በ1924 በእንግሊዝኛ ወጣ።

ይህን የምለው የተሻለ ዓለም አይታለም ለማለት አይደለም። እኔም እንደ እናንተ እነዚህን መጻሕፍት ስፈልግና ሳነብ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ነገር ግን ባለረቂቁ ሌሊት ሰው ሲቀሰቅሱ፣ የተቀሰቀሰው ሰው «አልወርድም» ቢል ምን እንደሚደርስበት በዚያው ምዕራፍ ውስጥ እንዲጽፉት እለምናለሁ። ለዚያ ጥያቄ መልስ የሌለው ከተማ ውስጥ መኖር አልፈልግም።

የሌሊት ፈረቃ፦

እስካሁን አነባለሁ እንጂ እዚህ ጽፌ አላውቅም። ይህ ጉዳይ ግን የእኔ ጉዳይ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውንም ጊዜ በሌሊት ነው።

ስለዚህ ሥራ የሚጽፉ ሰዎች ሽታውን ያስቀድማሉ። ሽታው ይለመዳል። በእርግጥ በረኪና ከእጅ ስለማይለቅ የሚበላው ሁሉ በረኪና በረኪና ይላል፤ እሱም ቢሆን ይለመዳል። ሁለት ባልዲ ይያዛል፤ በአንደኛው ንጹሑ ውኃ፣ በሌላው መወልወያው የሚጨመቅበት። ረጅሙን ኮሪደር ከሩቁ ጫፍ ጀምሮ ወደ ኋላ እየተመለሱ መወልወል ነው፤ አለበለዚያ የራስን ኮቴ መልሶ ማጽዳት ይመጣል። ሥራው ሥርዓት አለው፤ በሥርዓቱ ሲሠራም ደስ የሚል ጊዜ አለው። የማይለመደው ሌላ ነው። እርጥብ ወለል ላይ በስልክ እያወራ የሚያልፍ ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ አላየኝም እንጂ። ወለሉ ንጹሕ ሲሆን ደግሞ ማንም የሠራው አይመስልም፤ ከመጀመሪያውም እንዲሁ የነበረ ይመስላል።

አንድ ሌሊት ምድር ቤቱ ውስጥ የእርስዎ ዓይነት ቱቦ ፈነዳ። ሦስት ነበርን። ቦት ጫማ የነበረው አንድ ልክ ብቻ ስለሆነ ሁለታችን በሰፊ ጫማ እየተንሸራተትን እስኪነጋ ድረስ በባልዲ ቀዳን። ያቃጠለኝ ግን ያ አይደለም። ያ ቱቦ መታጠፊያው ላይ እንደሚያንጠባጥብ፣ እዚያ ላይ ጨርቅና ወረቀት እየተጠራቀመ እንደሚደፍነው፣ በፈረቃ መረከቢያው ደብተር ላይ ከወራት በፊት ጀምሮ ደጋግመን ጽፈን ነበር። ደብተሩን የሚያነበው ሰው ስለ ቱቦ የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም፤ ስለ ቱቦ የሚወስነው ሰው ደግሞ ምድር ቤቱን አይቶት አያውቅም።

ስለዚህ ለባለረቂቁ የምለው ይህን ነው። ማን ይወርዳል ብለው ይጠይቃሉ፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው የወረደው ሰው በማግስቱ የት ይቀመጣል ብዬ ነው። ቱቦው በየት እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ መቼ እንደሚቀየር በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ካለው፣ እኔ ዛሬም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ወንበር ከሌለው ግን ሰዓቱን አሳጥሩልኝ፣ ሜዳልያም ስጡኝ፣ ያው ነኝ።

ሁለተኛ ንባብ፦

የሌሊት ፈረቃ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የክብሩን ነገር በሚመለከት የእንግሊዛዊውን የዊልያም ሞሪስን መጽሐፍ ላንሳ፤ የምወደው መጽሐፍ ቢሆንም ቅሬታም አለኝ።

ሞሪስ የቤላሚን መጽሐፍ በ1889 ሲተች፣ ሰውን ለሥራ የሚያነሳሳው የሥራው ደስታ ራሱ መሆን አለበት ብሎ ተከራክሮ፣ በቀጣዩ ዓመት በ1890 «የሌለ አገር ወሬ»ን በሚያዘጋጀው ጋዜጣ ላይ በተከታታይ አወጣ። ከከባድ ክርክር በኋላ ተኝቶ በወደፊት ዘመን የነቃው እንግዳ የለንደኑን ቴምዝ ወንዝ ጠርቶ ያገኘዋል፤ ለጀልበኛው ሳንቲም ሲዘረጋለት ጀልበኛው ሳንቲሙ ለምን እንደተሰጠው አይገባውም። ወደ እንግዳ ማረፊያው ሲገባ ልብሱ በወርቅ ጥልፍ የሚያብለጨልጭ፣ የወርቅ ጥሩር የለበሰ የሚመስል ሰው ያያል፤ ታላቅ ባለሥልጣን መሆን አለበት ብሎም ይገምታል። ሰውየው ቆሻሻ ሰብሳቢ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ልቦለድ ይጽፋል። ሞሪስ ራሱ ጥልፍና ጨርቅ የሚሠራ ባለእጅ ነበርና ያን ልብስ ለዚያ ሰው ሲያለብሰው የሚሰጠውን ነገር ክብደት ያውቃል። ፉርዬ ያሰበውን ክብር ከሰልፍና ከሰላምታ አውጥቶ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አኖረው።

ቅሬታዬ እነሆ። በዚያው ማለዳ፣ በዚያው ማረፊያ፣ ቁርሱን የሚያቀርቡት ሴቶች ናቸው። እንግዳው ነገሩን ሲያነሳ ሽማግሌው ሃሞንድ ሴቶቹ ቤት ማስተዳደርን ስለሚወዱትና ስለሚችሉበት ነው ብሎ ይመልስለታል። የመንገዱን ቆሻሻ የሚያነሳው ወርቅ ለበሰ፤ የገበታውን ትራፊ የምታነሳዋን ግን ሞሪስ «ደስ ስለሚላት ነው» ብሎ አለፋት። በዚህ ነጥብ ላይ ሞሪስ የተቸው ቤላሚ ይበልጠዋል፤ በእርሱ ቦስተን አጠባው በሕዝብ ልብስ ማጠቢያ፣ ምግቡ በሕዝብ ወጥ ቤት ይሠራል። ከእርሱ በፊት አውጉስት ቤብል በ1879 ስለ ሴቶችና ሶሻሊዝም በጻፈው መጽሐፍ የግል ማድ ቤት ቀርቶ የጋራ እንዲሆን ጠይቆ ነበር። ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን ደግሞ የቤላሚ መጽሐፍ ባስነሳው እንቅስቃሴ ውስጥ ካለፈች በኋላ በ1898 ምግብ ማብሰልና ቤት ማጽዳት እንደማንኛውም ሙያ በባለሙያ ይሠራ ብላ ጽፋለች።

ሁሉም ነገር ወደ ጋራ ማዕከል አይወጣም። በሌሊት የሚያስመልሰው ሕመምተኛ፣ አልጋው ላይ የሚያመልጠው አዛውንት፣ ጡት የጠገበ ሕፃን ትውኪያ በማጠቢያው የሥራ ሰዓት አይመጣም። ባለረቂቁ፣ ቱቦው ከመፈንዳቱ በፊት ባሉት ስድስት ምዕራፎች ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው አለ? ካለስ ወንድ ነው ወይስ ሴት?

ባለረቂቁ፦

ጥያቄው እንደደረሰኝ ረቂቄን መልሼ አየሁት። በስድስት ምዕራፍ ውስጥ አራት ጊዜ ገበታ ይቀርባል፤ ገበታው ሲነሳ ግን አንድም ጊዜ አልተጻፈም። በሦስተኛው ምዕራፍ አንዲት ሽማግሌ ታማ ተኝታለች፤ አንሶላዋ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ማን እንደሚቀይረው እኔ ራሴ አላውቅም። ሞርን ከቅጥሩ ውጭ ባስቀረው ሰው ስወቅስ እኔ ደግሞ ሰውየውን ከገጹ ውጭ አስቀርቼዋለሁ። አመሰግናለሁ፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ እንደገና እጽፈዋለሁ።

ጥያቄ አያልቅም፦

በፈቃደኝነት የሚሠራ ሰውስ ይጸናል ወይ የሚለውን ደግሞ ከተፈጸመ ታሪክ እንመልከት። በ1841 ጆርጅ ሪፕሊ ቦስተን አጠገብ «ብሩክ ፋርም» የተባለ ማኅበር አቋቋመ፤ ዓላማውም የሚያስበውና የሚሠራው ሰው አንድ እንዲሆን ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዱ ደራሲው ናትናኤል ሆቶርን ነው። ወዲያው ፍግ ዘቃ ላይ ተሰማራ፤ የፍጉን ክምር ሪፕሊ «የወርቅ ማዕድኑ» ብሎ ይጠራው ነበር። ሆቶርን መጀመሪያ ላይ ለእጮኛው በደስታ ይጽፍላት ነበር። በሰኔ ወር ግን የሰው ነፍስ በገንዘብ ክምር ሥር ተቀብራ እንደምትጠፋ ሁሉ በፍግ ክምር ሥርም ልትጠፋ ትችላለች የሚል ደብዳቤ ላከላት፤ ዓመቱ ሳያልቅም ማኅበሩን ትቶ ሄደ። ማኅበሩ በ1844 የፉርዬን ሐሳብ ተቀበለ፤ በ1846 ገና በመገንባት ላይ የነበረው ትልቁ የጋራ ሕንፃ ተቃጠለ፤ በ1847 ተበተነ።

ሰነፍ ነበር ብዬ ሆቶርንን አልወቅስም። በቀን ሙሉ ከሚዝቅ ሰው የማታ ድርሰት መጠበቅ ከባድ ነው። የሌሊት ፈረቃ ምን ይላሉ?

የሌሊት ፈረቃ፦

ደብዳቤውን አላነበብኩትም፤ እንደነገሩን ከሆነ ግን ይገባኛል። ሰውየው ነፍሴ ልትቀበር ነው ያለው እውነቱን ነው፤ ቀን ሙሉ ሲዝቁ ውሎ ማታ መጽሐፍ ሲከፈት ፊደሉ ይደራረባል። እኔም ለዓመታት ከአንድ ገጽ በላይ ሳላነብ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። የሚለየን አንድ ነገር ቢኖር እርሱ መሄጃ ስለነበረው ሄደ። እርሱ ከሄደ በኋላ ያንን ክምር ማን ዘቀው? እነዚያ ሰዎች ደብዳቤ ጽፈው ይሆን?

የመጻሕፍት መደርደሪያ፦

የሌሊት ፈረቃ ያነሱት የወንበሩ ነገርና ጥያቄ አያልቅም የጠየቁት «አልወርድም ያለ ሰው» የሚገናኙበት አንድ መጽሐፍ አለ፤ የኧርሱላ ለጒን «ንብረት የለሾቹ» ነው፤ በ1974 ወጣ። አናረስ በምትባል ደረቅ ጨረቃ ላይ መንግሥትም፣ ገንዘብም፣ እስር ቤትም የሌለው ሕዝብ ይኖራል። የፊዚክስ ሊቁ ሼቬክ ወደ ጎረቤቲቱ ባለጸጋ ዓለም ሲሄድ ባለረቂቁ የጠየቁትኑ ይጠየቃል፤ ቆሻሻውን ሥራ ማን ይሠራዋል? ሁላችንም እንሠራዋለን፣ ማንም ግን ካልወደደው በስተቀር ለረጅም ጊዜ አይሠራውም ይላል። በየአሥሩ ቀን አንዱን ቀን ሰው በተራ ይጠራል፤ እንደ ሜርኩሪ ማዕድን ያለ አደገኛ ምደባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዓመት አያልፍም። በቋንቋቸው ሥራና ጨዋታ አንድ ቃል ናቸው፤ አሰልቺ ልፋት ግን «ክሌጊች» የተባለ የራሱ ስም አለው። ደራሲዋ ልፋቱን ጨዋታ ነው ብላ ለመሸፋፈን አለመሞከሯን እጅግ አከብርላታለሁ።

ከዚህ በላይ የማከብርላት ግን ተራው ሲበላሽ ማሳየቷን ነው። በድርቁ ዘመን ሼቬክና የሕይወት አጋሩ ታክቨር በተለያየ ቦታ ተመድበው አራት ዓመት ተለያይተው ይኖራሉ፤ ማንም አላስገደዳቸውም፣ ሁለቱም ግን እንቢ ማለት አልቻሉም። የሼቬክ ጓደኛ ቲሪን ደግሞ ያልተወደደ ቲያትር ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ በሙያው ምደባ በጠየቀ ቁጥር የሚደርሰው ሌላ ሥራ ነው፤ መንገድ ጥገና ላይ ይመደባል፤ በመጨረሻ አእምሮው ተጎድቶ ወደ ሕሙማን ማረፊያ ይገባል። የፈረደበት ዳኛ የለም፤ የጎረቤት ዓይንና የምደባው ዝርዝር ብቻ ናቸው የሠሩት። ስለዚህ ተራ መግባት ይበቃል ብለን እንዳንተኛ። ዝርዝሩን የሚጽፈው እጅም በተራ መለወጥ አለበት፤ ዝርዝሩም ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

በዚህ ረገድ የአሌክሳንድር ቦግዳኖቭ «ቀይ ኮከብ» (1908) አንድ ጠቃሚ ነገር አለው። በማርስ ላይ ባሉት ፋብሪካዎች ውስጥ በየትኛው ሥራ ስንት የሥራ ሰዓት እንደጎደለ፣ በየትኛውስ እንደተረፈ የሚያሳዩ ሰሌዳዎች ለሁሉም ይታያሉ፤ ሰው ቁጥሩን አይቶ ወደጎደለው ይሄዳል። ማንንም የሚልክ አዛዥ የለም፤ የተደበቀ ዝርዝርም የለም።

ጥያቄ አያልቅም፦

ሰሌዳውን እቀበላለሁ። ሰሌዳው ላይ የሰው ስም ሳይሆን የጎደለው ሰዓት ብቻ እንዲጻፍ ግን እጠይቃለሁ። ማን እንዳልመጣ የሚያሳይ ሰሌዳ ቲሪንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሳብደዋል።

ባለረቂቁ፦

ሰባተኛውን ምዕራፍ ሰሞኑን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ሌሊት የሚቀሰቀሱት ሦስት ናቸው። አንዷ የቱቦውን መስመር ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቅ ባለሙያ ናት፤ ሁለቱ በዚያ አሥር ቀን ተራ የደረሳቸው ናቸው፤ አንዱ መምህር፣ ሌላው የሸማኔዎች ማኅበር አባል። መምህሩ «እፈራለሁ፣ አልወርድም» ይላል። ማንም አይቆጣውም፤ እህሉን እንዲያሸሽ ይነገረዋል፤ የሚቀጥለው ተረኛም ይጠራል።

ባለሙያዋ ከሦስት ወር በፊት በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነስታ መታጠፊያው ይስፋ ብላ ነበር። ጉባኤው የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ይቅደም ብሎ በድምፅ ብልጫ አሳለፈው። እኔም ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ያን ቤተ መጻሕፍት ሳደንቅ ነበር። በማግስቱ ጉባኤው እዚያው ሽታው ባልለቀቀው አዳራሽ ይሰበሰባል፤ እርሷም ልብሷን ሳትቀይር ገብታ በወንበሯ ትቀመጣለች። ክርክሩ ገና አላለቀም፤ የጣሪያውን ሐሳብ ያቀረበው ሰው ምን እንደሚል እየጻፍኩ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ የሽማግሌዋን አንሶላ የሚቀይረው አሁን ይኸው የጣሪያው ሰው ሆኗል፤ ልጇ ነው።

የሌሊት ፈረቃን አንድ ነገር ልጠይቅ። ክዳኑ ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን ይደረጋል? እስካሁን የጻፍኩት ከምናቤ ነው፤ ስሕተት እንዳለበት እፈራለሁ።

የሌሊት ፈረቃ፦

ክዳኑ እንደተከፈተ ማንም አይወርድም። ጉድጓዱ ይተንፍስ፤ እሳትና ሲጋራ ከአካባቢው ይራቅ። የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሲጠፋ አየሩ የጠራ የሚመስለው ሰው አለ፤ ጋዙ ሲበዛ አፍንጫ ራሱ ማሽተት ያቆማል፤ ብዙ ሰው የሞተው በዚህ ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ በአፍንጫዋ እንዳትተማመን፤ አየር የሚነፋ ማሽንና የጋዝ መለኪያ ይኑራት። የሚወርደው ሰው ብብቱ ሥር ገመድ ይታሰርለታል። ከላይ ገመዱን የሚይዙት ሁለት ይሁኑ፤ የታችኛው ቢወድቅ እንኳ ዘለው እንዳይወርዱ፣ በገመዱ እንዲስቡት አስቀድመው ይነገራቸው።

አልወርድም ያለውን መምህር እህሉን ካሸሸ በኋላ ገመዱ ላይ ያድርጉት። ሥራው ከታችኛው ጋር ሳያቋርጥ ማውራት ነው፤ መልሱ ከዘገየ ይስባል። ሙቅ ውኃና ሳሙናም በር ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት፤ እኛን የጠበቀን ቀዝቃዛ ነበር።